ፓርቲ የማይጻፍበት የምርጫ ወረቀት፦ ከሲያትል ከተማ ምክር ቤት ታሪክ

«ፓርቲ የሌለበት ምርጫ» ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፓርላማ ነው። በ1955 የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። በ1957ም የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ተወዳዳሪው ግን የሚቀርበው በስሙ፣ በዝናውና በንብረቱ ብቻ ነበር። ፓርቲ ያልነበረው መደራጀት ስላልተፈቀደ ነውና።

በአሜሪካ ከተሞችም ፓርቲ የማይጻፍበት ምርጫ አለ፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ከተሞች የሚመርጡት በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱ ግን ከእኛው ፍጹም የተለየ ነው። በእኛ ዘንድ ፓርቲው ገና እንዳይወለድ ተከለከለ፤ በእነርሱ ዘንድ ተወልዶ፣ አድጎና ገንኖ ካስቸገረ በኋላ ከምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጉዳዩን በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ ታሪክ እንመልከተው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ከተሞች በፓርቲ አለቆች መዳፍ ሥር ወድቀው ነበር። አለቃው ሥራ ይሰጣል፣ ኮንትራት ያከፋፍላል፣ በምትኩም የሰፈሩን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። የተሐድሶ አራማጆች መልስ «ጎዳና መጥረግ የዲሞክራትም የሪፐብሊካንም አይደለም» የሚል መንፈስ ነበረው። የሲያትል ሕዝብ በ1910 የከተማዪቱን ቻርተር አሻሽሎ በሰፈር ይመረጥ የነበረውን ምክር ቤት አፈረሰ። በምትኩ ዘጠኝ አባላት፣ ያለ ፓርቲ ስም፣ በመላው ከተማ መራጭ እንዲመረጡ ወሰነ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ በማግስቱ በ1911 ደግሞ ከተማዪቱን የወንጀል መናኸሪያ አድርጓታል የተባለው ከንቲባ ሃይረም ጊል በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣኑ ወረደ።

ተሐድሶው ግን መድኃኒትም መርዝም ነበረው። የሰፈር አለቃውን ሲያስወግድ የሰፈሩንም ድምፅ አብሮ አጠፋ። በመላ ከተማ መመረጥ ብዙ ገንዘብና ሰፊ ዝና ይጠይቃል፤ በአንድ አካባቢ ተሰብስቦ የሚኖር አናሳ ማኅበረሰብ ድምፁ በብዙኃኑ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ሳም ስሚዝ የተመረጠው በ1967 ነበር። ወደ ምርጫ ክልል ለመመለስ በ1975፣ በ1995 እና በ2003 የቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ውድቅ ሆኑ። በመጨረሻ በ2013 መራጩ ሰባት አባላት በየክልላቸው፣ ሁለት ደግሞ በመላው ከተማ እንዲመረጡ ተስማማ። የመጀመሪያው ምርጫም በ2015 ተደረገ።

እንግዲህ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዕጩዎች በሜይ ይመዘገባሉ። ለአንድ ወንበር ሁለት ወይም ከዚያ ያነሱ ሰዎች ብቻ ከተመዘገቡ ቅድመ ምርጫ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። ከሁለት ከበለጡ በኦገስት የመጀመሪያ ማክሰኞ በሚያበቃው ቅድመ ምርጫ ይወዳደራሉ። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ በየቤቱ ይደርሳል፤ መራጩ ሞልቶና ፈርሞ በፖስታ ወይም በየሰፈሩ በተተከለው ሣጥን ይመልሳል። በወረቀቱ ላይ ከስም ጎን ፓርቲ አይጻፍም። የክልሉ መራጭ ሁሉ ከአንድ ዝርዝር አንድ ሰው ይመርጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ያልፋሉ። ልብ በሉ፤ በሎስ አንጀለስ በቅድመ ምርጫው ከግማሽ በላይ ያገኘ ዕጩ እዚያው ያሸንፋል። በሲያትል ግን ሰባ በመቶ ቢያገኝ እንኳ ኖቬምበርን መጠበቅ አለበት።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፓርቲ ምርጫ ዕጩዎችን የሚያጣራው ፓርቲው ነው። ፓርቲ በሌለበት የሚያጣራው የኦገስቱ መራጭ ነው። ይህ መራጭ ደግሞ ከኖቬምበሩ ያነሰ ነው፤ በበጋው ዕረፍት መካከል፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት፣ ስማቸውን ሰምቶ ከማያውቃቸው ዘጠኝ ሰዎች መካከል አንዱን የሚመርጥ ጥቂት ሰው። በ2015 በአንደኛው ክልል ዘጠኝ ዕጩዎች ቀርበው ሁለት አለፉ፤ በኖቬምበር ሊሳ ኸርቦልድ ያሸነፈችው በ39 ድምፅ ብልጫ ነው። በርካታ ሐበሾች በሚኖሩበት የሬኒየር ሸለቆ፣ ማለትም በሁለተኛው ክልል፣ ብሩስ ሃረል ታሚ ሞራሌስን የበለጠው በ344 ድምፅ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ማለት የአንድ ዕድር ስብሰባ ማለት ነው!

ፓርቲው ከወረቀቱ ቢጠፋም ከሜዳው አልጠፋም። የአካባቢው የዲሞክራቲክ ፓርቲ ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ «ሲያትል ታይምስ» እና «ስትሬንጀር» ጋዜጦች ድጋፋቸውን ለሚመርጡት ዕጩ ይሰጣሉ። ይህን የሚከታተል ሰው በባዶው ቦታ ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ የማይከታተል ግን ስም ብቻ ያያል። ስለዚህ ፓርቲ አልባው ምርጫ የሚያደላው ላወቀና ለተደራጀ ነው።

ሆኖም ሥርዓቱ በሩን ለአዲስ መጥም ይከፍታል። በ2008 መራጩ የኪንግ ካውንቲን ሹመኞችም ከፓርቲ ስም ነፃ አደረገ። በ2019 በሱዳን በስደት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ፣ ከ1993 ጀምሮ ሲመረጡ የኖሩትን ላሪ ጎሴትን በዚሁ ዓይነት ምርጫ አሸንፎ የካውንቲው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። የማንም ፓርቲ ቢሮ «ተራህ አልደረሰም» ሊለው አልቻለም።

ይህ ብቻም አይደለም። በ2015 በጸደቀው ሕግ መሠረት የሲያትል ነዋሪ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ኩፖኖች ከከተማው ተሰጥተውት ለመረጠው ዕጩ ያበረክታል። ዜግነት ያላገኘ፣ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘም ይህ መብት አለው። ድምፅ መስጠት ባይችል እንኳ ዕጩ እንዲቆም ማድረግ ይችላል። በ2022 ደግሞ መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚመርጥበት ዘዴ በ2027 በቅድመ ምርጫው እንዲጀመር ተወሰነ። ዓላማው የተበታተነ ድምፅ ባክኖ እንዳይቀር ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። በ1957 አባቶቻችን የመረጡት ፓርቲ በሌለበት፣ ነገር ግን መደራጀትም በሌለበት አገር ነበር፤ ስለዚህ የተመረጠው እንደራሴ ዘውዱን ሊገዳደር የሚያስችል ጉልበት አልነበረውም። የሲያትሉ ፓርቲ አልባ ምርጫ ትርጉም የሚያገኘው በዙሪያው ነፃ ጋዜጣ፣ ነፃ ማኅበርና ነፃ ፓርቲ ስላለ ነው። ለአገራችን የከተማ አስተዳደር «ከፓርቲ የጸዳ ምርጫ» የሚመኙ ወገኖች ይህን ቅደም ተከተል ባይዘነጉት መልካም ነው። በሬኒየር ሸለቆ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ በኦገስት ፖስታችሁን ክፈቱ። ብዙ ነገር የሚወሰነው ያኔ ነው፤ በኖቬምበር የሚቀረው ከሁለት አንዱን መምረጥ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።