ሞራው የምን ነበር?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። 

የተከበራችሁ የንፋስ መውጫና የአካባቢዋ ቤተሰቦች፣ በዛሬው ዝግጅታችን ትንሽ መስሎ ታይቶ ትልቅ መዘዝ ስላስከተለ ነገር እናወጋችኋለን። ነገሩ የጥይት ቅባት ነው።

በድሮው ጠመንጃ ባሩዱም ጥይቱም የሚጎርሰው በአፈ ሙዙ በኩል ነበር። ባሩድ ሲነድ በውስጡ ጥላሸት ይተዋል። ደጋግሞ ከተተኮሰ በኋላ የእርሳሱ ጥይት አልገባ ይላል። ቅባት ግን ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል፤ ጥይቱም በዘንግ ሲገፋ በቀላሉ ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ከየቤቱ የሚገኘው ሞራ፣ ሰም ወይም ዘይት ይበቃ ነበር። ሞራ ብቻውን በሙቀት ይቀልጣል፤ ሰም ሲገባበት ይጠነክራል።

ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዞች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኤንፊልድ የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ለሕንዳውያን ወታደሮቹ ሊያስታጥቅ ተነሣ። የዚህ ጠመንጃ ባሩድና ጥይት አብረው በወረቀት ይጠቀለላሉ፤ ጥቅሉም በጥይቱ በኩል ቅባት ይቀባል። ወታደሩ በባሩዱ በኩል ያለውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ መቅደድ ነበረበት። በጥር 1857 (እ.ኤ.አ.) በካልካታ አቅራቢያ ቅባቱ የላም ሞራና የእሪያ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ላም በሂንዱው ዘንድ የተከበረች ናት፤ እሪያ ለሙስሊሙ ሐራም ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም እሪያ ስለማይበላ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከነክን ለማንም ማስረዳት አያሻንም።

ሞራው ከየትኛው እንስሳ እንደ መጣ አስቀድሞ ያጣራ ሹም አልነበረም። ወሬው ሲበረታ ጥቅሉ ሳይቀባ እንዲታደልና ወታደሩ የወደደውን ገዝቶ ራሱ እንዲቀባ ታዘዘ። ነክሶ መቅደዱም ቀርቶ በእጅ እንዲሆን ተደረገ። እነሆ፣ መፍትሔው ሰምና ቅቤን ያህል ቀላል ነበር! ግን ከመፍትሔው በፊት እምነት ጠፍቶ ነበር። ወታደሮቹ አሁን ደግሞ ወረቀቱን ጠረጠሩ።

ሚያዝያ 24 ቀን በሚሩት ከተማ ከ90 ፈረሰኞች 85ቱ፣ ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም፣ ጥቅሉን አንነካም አሉ። የቀረበላቸው ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበረው ዓይነት ነበር፤ ሆኖም የሚያምን አልተገኘም። አዛዦቹ ስጋታቸውን እንደ አመፅ ቆጥረው፣ ግንቦት 9 ቀን በጓዶቻቸው ፊት በእግር ብረት አሰሯቸው። በማግስቱ፣ ረመዷን 16 ቀን 1273 ሒጅሪያ፣ ጦሩ ተነሣ፤ ወደ ዴልሂም ገሰገሰ።

የዐመፁ ምክንያት ቅባቱ ብቻ አልነበረም። በ1856 የአወድ ግዛት መነጠቁም ቅሬታ አከማችቶ ነበር። በጦርነቱ በሁለቱም ወገን ንጹሓን ሴቶችና ሕጻናት አለቁ፤ ይህን ሸሪዓችን አጥብቆ ይከለክላል። የሙጋሎች የመጨረሻ ንጉሥ ባሃዱር ሻህም ወደ ራንጉን ተግዘው በ1862 እዚያው ሞቱ።

መዘዙ ወደ አገራችንም ደርሷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንታችን በኩል አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲወጡ፣ ከቦምባይ የተነሣው የናፒየር ጦር በመምጣት ላይ ነበር። ከጦሩ ውስጥ ባሉች የተባለው የእግረኛ ክፍልና ሌሎችም ሕንዳውያን ነበሩ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ውጊያ እንግሊዛውያኑ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ሲተኩሱ፣ የሕንድ እግረኞች የያዙት ገና በአፈ ሙዙ የሚጎርሰውን ነበር። ከ1857 ወዲህ ገዢዎቹ ለሕንዳውያን ወታደሮቻቸው ከራሳቸው ያነሰ መሣሪያ መስጠትን ልማድ አድርገውት ነበርና።

ውድ ቤተሰቦች፣ ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናለች። ይህ ለሰሚው ነው። ሹሙ፣ ነጋዴውም ሆነ አባወራው ደግሞ «ይህ ከምን ተሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂውን ሳይቆጣ በጊዜው እውነቱን ይንገር። ልጅ «እማዬ፣ ይህ ሐላል ነው?» ሲል «ዝም ብለህ ብላ» አይባልም። በጥር ወር የተነገረ ቀጥተኛ መልስ ብዙ ደም ባዳነ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላሉን ያብቃቃን፣ መተማመንንም አይንሣን። ወሏሁ አዕለም።