ካርታ ሲናገር ማን ነው የሚናገረው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው ዝግጅታችን ርዕስ ከወትሮው ለየት ይላል፤ ስለ ካርታ ነው። «ካርታ የተማሪና የመምህር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን በአገራችን በወሰን ምክንያት በተነሱት ጦርነቶች ካርታ እንደ ምስክር ያልተጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጆቻቸውን ወደ ጦር ሜዳ የሸኙ እናቶች ካርታውን አላዩትም፤ ዋጋውን ግን ከፍለዋል።

ካርታ መሬቱ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1154 ሙስሊሙ የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ኢድሪሲ ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር የዓለምን ካርታ ሠርቶ አስረከበ። ይህ ካርታ ደቡብን ከላይ፣ ሰሜንን ከታች ያደርጋል። ዛሬ የሚያየው ሰው «ተገልብጧል» ይላል፤ ግን አልተገለበጠም። ሰሜን ከላይ መሆኑ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንይዛለን። ካርታ መሬቱ ራሱ ሳይሆን ሰው ስለ መሬቱ የተናገረው ቃል ነው። ሠሪው የትኛውን መንደር እንደሚጽፍና የትኛውን እንደሚተው፣ ቦታውን በማን ቋንቋ እንደሚጠራው፣ የትኛውን ቀለም እንደሚቀባው ይመርጣል። ክርክር ያለበት ወሰን በነጠብጣብ ይሠመራል፤ ነጠብጣቡ በሚቀጥለው እትም ሙሉ መሥመር ሲሆን፣ ጥያቄ የነበረው ነገር ያለ አንድ ጥይት እንደ እውነት ይቆጠራል። በንግግር የሰማነውን እንጠራጠራለን፤ በካርታ ያየነውን ግን እንዲሁ እንቀበላለን። የካርታ ኃይሉም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ከወልወል እስከ ባድሜ

በ1883 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው፣ የጥንቱን ድንበር እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ለመመለስ እንደሚሹ አስታወቁ። አውሮፓውያን አፍሪካን በወረቀት ላይ በሚከፋፍሉበት ዘመን ዝም ማለት መሬት ማጣት ነበርና ነገሩ ይገባናል። ይሁንና ደብዳቤው ኢትዮጵያን በአረማውያን የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርጎ ያቀርባታል። ይህ ለአውሮፓ ነገሥታት ጆሮ የሚጥም አቀራረብ ነበር፤ በዚያው ወሰን ውስጥ ይኖር የነበረው ሙስሊም ግን በሥዕሉ ላይ ቦታ አላገኘም።

በ1889 ዓ.ም ከጣልያኑ ተወካይ ከኔራዚኒ ጋር የሶማሌው ወገን ወሰን በካርታ ላይ ተሠመረ። ያ ካርታ በኋላ ሊገኝ አልቻለም፤ ጭቅጭቁ ግን ቀረ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የኢትዮጵያና የጣልያን ወታደሮች ተታኮሱ። የሚገርመው፣ ጣልያን ራሷ ያሳተመችው ካርታ ወልወልን በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ያሳይ ነበር። ሙሶሊኒ ግን ግጭቱን ሰበብ አድርጎ በዓመቱ አገራችንን ወረረ። መውረር የፈለገ ሰው የራሱ ካርታ እንኳ እንደማያቆመው ከዚህ እንማራለን።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው የሶማሊያ ባንዲራ ኮከብ አምስት ጫፎች አሉት። ጫፎቹ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ምድሮች ያመለክታሉ ተባለ፤ አንዱም ኦጋዴን ነበር። ባንዲራው ራሱ ካርታ ሆነ ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ሲዘምት፣ በሁለቱም ወገን ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ሰዎች ተገዳደሉ።

ወደ ባድሜ እንምጣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝና የጣልያን ተወካዮች የፈረሙት ውል፣ ወሰኑ የሰቲት ወንዝ ከማይጠብ ጋር ከሚገናኝበት ተነስቶ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት እንዲደርስ፣ የኩናማ ሕዝብም ለኤርትራ እንዲሆን ይላል። ባድሜ በውሉ ውስጥ ስሟ የለም። ችግሩ በካርታ ላይ «ማይጠብ» የተባለው ወንዝና በምድር ላይ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ወንዝ አንድ አለመሆናቸው ነው። በዚህ ክፍል ወሰኑ በመሬት ላይ ምልክት ሳይተከልለት ቀረ፤ በካርታዎች ላይ ግን ቀጥ ያለ መሥመር ሆኖ ይታተም ጀመር።

ከዘጠና ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም፣ በዚያው አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም ውሳኔውን ሰጠ። የውሳኔው ማጠቃለያ ባድሜን በስም አልጠራምና ሁለቱም መንግሥታት «አሸነፍን» ብለው ለሕዝባቸው አበሰሩ። በቀጣዩ ዓመት ኮሚሽኑ ከተማዋ በኤርትራ በኩል እንደምትውል ግልጽ አደረገ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ደስታ! ሕዝቡ ካርታውን ማንበብ ቢችል ኖሮ ደስታው በዚያው ዕለት አንድ ጥያቄ ባስነሳ ነበር።

ዝምታም ዋጋ እንዳለው እንወቅ። በታይላንድና በካምቦዲያ መካከል ፕሬአህ ቪሄር የሚባል ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አለ። ውሉ ወሰኑ የውኃ መክፈያውን ይከተል ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈረንሳይ መኮንኖች የሠሩት ካርታ ግን ቤተ መቅደሱን በካምቦዲያ በኩል አደረገው። የታይላንዱ ልዑል ካርታው ሲደርሳቸው አመስግነው ተጨማሪ 15 ቅጂ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት «በጊዜው አልተቃወማችሁም» ብሎ ለካምቦዲያ ፈረደ። በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 እንኳ ደም ፈስሷል።

በቤታችን ያለው ካርታ

የሩቁን ትተን የቅርባችንን እንይ። እኛ በቁይና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ስለ መተከል ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጣላው ስለ መሬቱ ሳይሆን ስለ ካርታው ዓመት ነው። መተከል ለረጅም ጊዜ በጎጃም ሥር አውራጃ ነበር። በ1980 ዓ.ም በኢሕዴሪ አከላለል ራሱን የቻለ አስተዳደር ሆነ። ከ1984 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ ከደጁ ሳይነቃነቅ በሦስት ካርታ ውስጥ ኖረ ማለት ነው። የወልቃይትም ክርክር እንዲሁ ነው፤ አንዱ ወገን ከ1983 ዓ.ም በፊት የነበረውን፣ ሌላው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጸደቀውን ካርታ ይዞ ይቆማል። ሁለቱም እውነተኛ ሰነድ ሊይዙ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ታሪክን ከየት ዓመት እንጀምር የሚለው ነው።

በ2016 ዓ.ም በአማራ ክልል መማሪያ መጻሕፍት ላይ የወጣ ካርታ የትግራይን ጊዜያዊ አስተዳደር ተቃውሞ አስነስቷል። በግንቦት 2011 ዓ.ም ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ሶማሊያን የዋጠ የኢትዮጵያ ካርታ ወጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ይቅርታ ጠይቆ አንስቶታል። ያንን ያየ የሶማሊያ ሰው ምን እንደተሰማው ለማወቅ፣ ጎጃምን የሌላ አገር አድርጎ የሚያሳይ ካርታ ብናይ ምን ይሰማን እንደነበር ማሰብ ይበቃል።

ካርታው ላይ የማይታየው ሰው ነው። በመተከል ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ አብረው ይኖራሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በቡለን ወረዳ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሟቾቹን ከየትኛው ቀለም ውስጥ ነበሩ ብሎ መጠየቅ ነፍሳቸውን አይመልስም።

ስለዚህ፣ ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የወሰን ካርታ ይዘው ሲመጡ ወይም በስልክ ሲያሳዩአችሁ አራት ነገር አስጠይቋቸው። ማን ሠራው? መቼ ሠራው፣ የየትኛውንስ ዓመት ወሰን መረጠ? ለምን ዛሬ ወጣ? ማንን አስቀረ? ይህን የጠየቀ ልጅ አገሩን መውደድ አያቆምም፤ በቁጣ መነዳትን ግን ያቆማል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ለወሰን ገፊ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን በብዕር ለሚገፋም ነው። በዚያ ቀን የሚቀርበው ሰው የሠራው ሥራ እንጂ ያሳተመው ካርታ አይደለም።

አላህ በየወሰኑ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሁሉ ሰላምን ይስጥልን፤ ከፊትናም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።