በጆ ሉዊስ ትከሻ ላይ

የቡጢ ወሬ ሲነሳ እኛ ሰፈር መሐመድ አሊ ይጠራል። ቀጥሎ የታይሰን ጆሮ ንክሻ ይመጣል፤ ከዚያ ሳቅ ነው፣ ወሬውም ያልቃል። ጆ ሉዊስን የሚጠራ እስካሁን አልገጠመንም። ትንሽ ያሳፍራል፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ሁለቱም ሳይወለዱ ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያን ስም ተጭኖ ተቧቅሷል።

ዕለቱ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ጁን 25 ቀን 1935። የወልወል ግጭት ከደረሰ ስድስት ወር አልፏል። ሙሶሊኒ ወታደሩንና መሣሪያውን በመርከብ ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጋዘ ነው፤ ጄኔቭ ያለው የመንግሥታቱ ማኅበር ደግሞ ያው እንደምታውቁት ያመነታል። በዚያች ምሽት ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቧል። በአንዱ ጥግ ፕሪሞ ካርኔራ ቆሟል። ጣሊያናዊ፣ የቀድሞ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 118 ኪሎ። ፋሺስቶቹ የጉልበታቸው ማሳያ አድርገው ሲያሞግሱት ከርመዋል። በሌላው ጥግ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት፣ 89 ኪሎ ገደማ። ዳዊትና ጎልያድ በሉት።

ጋዜጦች ግጥሚያውን የመጪው ጦርነት ቅምሻ አድርገውት ነበር። ረብሻ ተፈርቶ ፖሊስ በብዛት ተሰማርቷል፤ አስተዋዋቂው ሳይቀር ቡጢው ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡን በጨዋነት እንዲመለከት ተማጽኗል። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ዳኛው አስቆመው። ሃርለም በደስታ ጎዳና ወጣ!

ጆ ሉዊስ ግን ስለ ኢትዮጵያ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ከግጥሚያው በፊት ብዙም አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ1914 አላባማ ውስጥ ከድሃ የጥጥ ገበሬዎች ነው የተወለደው። አባቱ ገና በልጅነቱ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ገባ። ቤተሰቡ ወደ ዲትሮይት ከተሰደደ በኋላ እናቱ ቫዮሊን እንዲማር ሳንቲም ትሰጠው ነበር፤ እሱ ግን ሳንቲሙን ለቡጢ ማሠልጠኛ ይከፍለው ነበር። ከካርኔራ ጋር ሊገጥም ሲል የጥቁሮች መሪዎች ስለ ሙሶሊኒና ስለ አገራችን ነገሩት። ሸክሙ በዚያ ዕድሜ ከባድ እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። እኛም ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን ሯጮቻችን ላይ ስንቱን እንደምንጭን ስለምናውቅ ይገባናል።

ሌላም ሸክም ነበረበት። ከእሱ በፊት የከባድ ሚዛን ቀበቶ የያዘ ጥቁር ጃክ ጆንሰን ብቻ ነው። ጆንሰን ነጮቹን እየሳቀባቸው ስለመታና እንደ ልቡ ስለኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ከተሸነፈ በኋላ ለ22 ዓመታት አንድም ጥቁር የዚያ ቀበቶ ባለቤት አልሆነም። ስለዚህ የሉዊስ ማናጀሮች ሕግ አወጡ፦ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ አትፈንድቅ፤ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ አትነሳ፤ አፍህን ጠብቅ። በፎቶዎቹ ላይ የምናየው ያ ድንጋይ ፊት እንግዲህ የሥራ ልብሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባች። ሰኔ 12 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ከዚያ በ11ኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ያንን ንግግር አደረጉ። ለሃርለም ምን ዓይነት ሰሞን እንደነበር ገምቱት።

በቀጣዩ ዓመት ሉዊስ ብራዶክን ቺካጎ ላይ ጥሎ ቀበቶውን ያዘ። ጁን 22 ቀን 1938 ከሽሜሊንግ ጋር እንደገና ተገናኙ። 124 ሰከንድ። በቃ! ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ። (በነገራችን ላይ ሽሜሊንግ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአይሁድ ቤቶች ሲቃጠሉ ሁለት አይሁዳዊ ልጆችን ደብቋል። እሱም የሌላ ሰው ባንዲራ ተጭኖበት ነበር።)

ሉዊስ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስከብሮ 11 ዓመት ከ8 ወር ይዞታል። በከባድ ሚዛን እስከ ዛሬ የሚስተካከለው የለም። ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይነግራችኋል። እኛን ግን የያዘን የሂሳቡ ነገር ነው።

ሀብት ሲያገኝ ቤተሰቡ በችግር ጊዜ ከዲትሮይት ከተማ የወሰደውን የድጎማ ገንዘብ መልሶ ከፍሏል። በ1942 ከሁለት ግጥሚያዎች ያገኘውን ለባሕር ኃይሉና ለምድር ጦሩ የዕርዳታ ድርጅቶች ሰጠ፤ ጥቁርና ነጭ ለይቶ የሚያሰልፈው ጦር ውስጥም ተቀጠረ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያንን የተሰጠ ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢው ቆጠረበት። እውነቱን ለመናገር ሉዊስም ገንዘብ አያያዝ አያውቅም፤ ጎልፍ ይወዳል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። የቀረውን ማናጀሮቹና አዘጋጆቹ ተቀራምተውታል። በ1950 ዕዳው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ወለዱ ደግሞ አያርፍም። ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ የተመለሰው ለዚህ ነው። ኢዛርድ ቻርልስ በነጥብ አሸነፈው። በ1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ጣለው። ማርሲያኖም የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው፤ ያኔ ግን ማንም ጦርነት አላደረገውም።

በ1953 እናቱ ሞተች። የቫዮሊኗ እናት። 667 ዶላር ተናዛለት ነበር፤ እሱንም ግብር ሰብሳቢው ወሰደው።

ከዚያ ለገንዘብ ሲል ነጻ ትግል ታገለ። በኋላም ላስ ቬጋስ፣ ሲዛርስ ፓላስ በተባለው የቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆነ። ሰው እጁን ይጨብጠዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ቁማሩ ያልፋል። ኤፕሪል 12 ቀን 1981 ሲሞት፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በልዩ ፈቃድ በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር እንዲያርፍ አደረጉ።

ሽሜሊንግ ከጦርነቱ በኋላ በኮካ ኮላ ንግድ ሀብታም ሆኖ ነበር። ሁለቱ ወዳጅ ሆነው ዓመታት ቆይተዋል፤ ሉዊስ ሲቸግረው ጀርመናዊው ይደርስለት ነበር። ከቀብሩ ወጪም የተወሰነውን የከፈለው እሱ ነው።