ከፊት ጋር የሚሄድ መሸፈኛ

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የቀጸለ ሰው መምህርነቱ የሚጸናለት እዚያ ወርዶ ሲያስመሰክር ነው። ቤተ ልሔም፣ አጫብር፣ ቆማና ተጉለት ከሚባሉት የዜማ ስልቶች መካከልም በአብዛኞቹ አድባራት የሚሰማው የእርሷ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚያ ደርሶ፣ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለውጭ አንባቢ አስተዋውቆ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ ይዟል፤ ማኅሌቱም እንደ ሕንፃው ይቀረጻል።

እንዲህ ያለ ቀረጻ በእጃችን አለ እንበል። ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ቆመው መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ይዘምማሉ። ከኋላቸው ደበሎ የለበሰ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው የሚባል ልጅ አብሯቸው ይወዛወዛል። የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሳያስፈቅድ የወጣ ነው፤ ወላጆቹን ፈልጎ «ልጃችሁን ላሳየው?» ብሎ ለመጠየቅ መንገድ የለም። ስለዚህ ፊቱ መሸፈን አለበት፤ ሲወዛወዝም መሸፈኛው አብሮት መወዛወዝ አለበት። ኤዲተሮቻችን ይህን መሸፈኛ ማስክ ይሉታል። በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ 15 ሺህ ፍሬም አለው። ከእነዚህ ሁሉ በአንዱ ላይ ማስኩ ቢንሸራተት፣ ቪዲዮውን እዚያች ላይ ያቆመ ሰው ልጁን ያየዋል። አንዲት ፍሬም ላይ ያመለጠ መሸፈኛ እንዳልሸፈነ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ከቪዲዮ ይቀድማል። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ከምስሉ ከፊሉን በጥቁር ሸፍኖ በአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ማንሳት የታወቀ ዘዴ ነበር። መሸፈኛው ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ተዋናዩም ከመስመሩ ማለፍ አይችልም። አሜሪካዊው ፍራንክ ዊሊያምስ በ1918 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ዘዴ ይህን ፈታ። ተዋናዩን በጥቁር መደብ ፊት ያነሳና ፊልሙን ብርሃንና ጨለማ ብቻ እስኪቀርበት ድረስ ይገለብጠዋል። የሚቀረው የተዋናዩ ቅርጽ ነው። መሸፈኛው ከራሱ ከሰውዬው የተቀዳ ስለሆነ ሲሮጥ ይሮጣል፣ ሲቆም ይቆማል። በዚያው ዘመን፣ በ1917 እ.ኤ.አ.፣ ማክስ ፍላይሸር ሮቶስኮፕ ለተባለ መሣሪያ ፓተንት ተሰጠው፤ የተቀረጸ ፊልም መስታወት ላይ እየጣለ እያንዳንዱን ፍሬም በእጅ የሚያስነድፍ ነው። እርሱ ያሰበው ካርቱን ሊሠራበት ነበር። ዛሬ ሰው በእጁ ማስክ ሲቆርጥ «ሮቶ እየሠራሁ ነው» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ በ1933 እ.ኤ.አ. የወጣው «የማይታየው ሰው» ነው። ጆን ፉልተን ተዋናዩን ከራስ እስከ እግር ጥቁር ከፋይ አልብሶ፣ በላዩ ልብስ ደርቦ፣ በጥቁር ከፋይ ግድግዳ ፊት አቆመው፤ ያኔ ልብሱ ብቻውን የሚራመድ መሰለ። ይሁን እንጂ ተዋናዩ የሚያይበት ቀዳዳ ይታያል፣ የጨርቁ ጠርዝ ያሳጣል። ያንን ለማጥፋት 4 ሺህ ጫማ ያህል ፊልም በብሩሽ ተነካክቷል፤ አንድ ጫማ 16 ፍሬም ስለሚይዝ ወደ 64 ሺህ ፍሬም ማለት ነው። በእያንዳንዷ ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ፣ ያለፈችው ላይ ቀለሙ የት እንደነበረ እያስተዋለ፣ የምትቀጥለው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይቀባል። ስለ ፊልሙ ሲወራ የፉልተን ስም ይነሳል፣ የባለብሩሾቹ ግን አይነሳም። መነሳት ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ በኋላ የተረከበው የእነርሱን ሥራ ነውና።

ከዚያ በጥቁሩ መደብ ፈንታ ሰማያዊው መጋረጃ መጣ፣ አረንጓዴው ተከተለ። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ግን አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግቶ «እዚህ ፊት ቁሙልኝ» አይባልም። እንዲህ ላለው ቦታ የሚሆነው ሐሳብ በ1981 እ.ኤ.አ. ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ብሩስ ሉካስና ታኬዎ ካናዴ ሁለት ተቀራራቢ ምስሎችን የማገጣጠሚያ ስሌት አሳተሙ፤ ከአንዱ ምስል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በሌላው ውስጥ ወዴት እንደሄደች መፈለግ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ጂያንቦ ሺና ካርሎ ቶማሲ የትኛዋ ቁራጭ ብትመረጥ እንደምትያዝ አሳዩ። መልሳቸው ማኅሌቱ ላይ በግልጽ ይታያል። የነጠላው ንጣት አይያዝም፤ ነጭ ከነጭ አይለይም። ጥለቱም ብቻውን አያስተማምንም፤ መስመር ስለሆነ ቁራጯ በርዝመቱ ላይ ስትንሸራተት ለኮምፒውተሩ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። የምትያዘው ጥለቱ ከነጠላው ጫፍ ጋር የሚገናኝባት ማዕዘን ናት፤ ፊት ላይ ደግሞ የዓይን ጥግ። ልጁ ላይ ደበሎው ጥሩ ሸካራ ቢሆንም ማስኩን በእርሱ ማሰር ስሕተት ነው፤ ራሱ ሲዞር ትከሻው አይዞርም።

ቀጥሎ መቋሚያው አለ። አንዱ ሊቅ መቋሚያውን ሲያዘነብል በልጁ ፊት ላይ ያልፋል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ዓይኑን ትቶ እንጨቱን ይይዝና ማስኩን ይዞት ይሄዳል። ልምድ ያለው ኤዲተር መቋሚያው ከመድረሱ በፊት ክትትሉን (ትራኩን) ያቆማል፣ ካለፈ በኋላ ካለው ፍሬም ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ መሐል ያሉትን ጥቂት ፍሬሞች በእጁ ያስተካክላል። በነጥብ ፈንታ አንድን ገጽ በሙሉ የሚከተለው ሞካ የተባለው ፕሮግራም ይህን ድካም ብዙ አቅልሎታል፤ ሠሪዎቹም በ2013 እ.ኤ.አ. ከኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። የጧፍ ብርሃንና የዕጣን ጢስ ባለበት ግን እርሱም ይስታል።

አሁን አንድ ጊዜ ጠቁመውት ሰውን ለይቶ ራሱ የሚከተል ፕሮግራም መጥቷል፤ ሜታ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንዱ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ልንጠቀምበትም ይገባል። ነገር ግን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ጥናት አልረሳም። ፊት አይቶ ወንድና ሴት የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞችን ፈትነው፣ በአንዱ ላይ በጥቁር ሴቶች 34.7 በመቶ ስሕተት አገኙ፤ በነጭ ወንዶች ስሕተቱ ከ1 በመቶ አላለፈም። ጥናቱ ስለ ማስክ አይደለም። ሆኖም ፊትን ራሱ ፈልጎ የሚሸፍን ፕሮግራም በእኛ ፊት ላይ፣ በእኛ ብርሃን እስኪፈተን ድረስ ሰው ፍሬም በፍሬም ሊያየው ይገባል።

ማስኩ ራሱስ? ስስ ብዥታ ብዙ ያስተላልፋል፤ ለልጅ ፊት የሚሻለው ድፍን ያለው ነው፣ ከፊቱም ሰፋ ይበል። ከሁሉ በላይ ማስኩ ያለው ተሠርቶ በወጣው ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው፤ ጥሬው ቀረጻ ካሜራው ካርድ ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ፣ ለጓደኛ በተላከው ቴሌግራም ላይ ልጁን እንዳለ ይዞታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንነቱን የሚያስለይ መረጃውን ማን እንደያዘው ለመጠየቅ ለሰው መብት ሰጥቷል። የቀረጸው ሰው ጥሬውን የት እንዳስቀመጠ፣ ማን ሊከፍተው እንደሚችልና መቼ እንደሚያጠፋው ገና ከቤተ ልሔም ሳይወጣ ለመሪጌታው መናገር አለበት።