ናኖቅንጣት ማኖር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ጎርፍ ያለፈበትን ቦይ ልብ ብሎ ያየ ሰው ከአሸዋው መሐል ጠቆር ያለ መስመር ያገኛል። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ቢያስጠጉበት ጥቁሩ ብናኝ እንደ ጢም ተንጨፍርሮ ይቆማል። ማግኔታይት ነው። 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረው የደጋው ባዛልትና ከዚያ በኋላ ከፈነዳው የጮቄ እሳተ ገሞራ እየተሸረሸረ የወረደ።

ያ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ፣ ማግኔታይቱ የዘመኑን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። አጥብቀው የሚይዙት ግን በእጅ ማግኔት የምናነሣቸው ብናኞች ሳይሆኑ ከ100 ናኖሜትር የሚያንሱት ናቸው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ጠጠር ስንለካ የምናገኘው የእልፍ አእላፍ ቅንጣቶችን ድምር ነው። የአንዷን ብቻ ለማወቅ አንዷን ለይቶ መለኪያው ላይ ማስቀመጥ ግድ ይላል።

ሳይንቲስቶቹ ሥራውን ናኖማኒፑሌሽን ይሉታል። እኔ «ናኖቅንጣት ማኖር» ብዬዋለሁ። «ደቂቅ»ን ደቂቅ ዘአካላት ቀድመው ወስደውታል፤ «ረቂቅ» ካልን ደግሞ ምክር ቤት የቀረበ አዋጅ ይመስላል። «ማንሣት» ያላልኩት ማንሣቱ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ነው።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር፣ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ፣ ጫፏ እጅግ የሾለ የተንግስተን መርፌ ትንቀሳቀሳለች። የሚያንቀሳቅሷት ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው በናኖሜትር ልክ የሚረዝሙ ፒየዞ ክሪስታሎች ናቸው። መርፌዋ ገና ስትነካት ቅንጣቷ ትጣበቃለች። መልቀቁ ነው ጣጣው። በዚህ መጠን ክብደት ቁም ነገር አይደለም፤ ቅንጣቷ ቁልቁል ብትንጠለጠልም አትወድቅም። ስለዚህ ከመርፌዋ ይልቅ ወለሉ እንዲይዛት ይደረጋል፤ ዘዴው የመርፌዋን ጫፍ ይበልጥ ማሾል፣ ወይም በኤሌክትሮን ጨረር ጥቂት ካርቦን አከማችቶ ከወለሉ ጋር ማጣበቅ ነው።

ቦታውም እንደ ነገሩ አይደለም። የቅንጣቷ መስክ በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል፤ ከመለኪያው ያላት ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈረንሳይ ግሬኖብል የነበሩ ተመራማሪዎች ቅንጣቶች ያሉበትን ፈሳሽ ስኩዊድ የተባሉ መለኪያዎች በተደረደሩበት ቺፕ ላይ አንጠባጥበው ያደርቁ ነበር፤ ከዚያ መለኪያው ላይ በዕድሏ ያረፈችውን ይፈልጋሉ። በዚህ መንገድም ቢሆን በ1997 ነጠላ የኮባልት ቅንጣት ለክተው የቅንጣት መግነጢሳዊ አቅጣጫ እንዴት እንደሚገለበጥ የሚገልጸውን የኔልንና የብራውንን ቲዎሪ ፈትነዋል። ሉዊ ኔል ያንን ቲዎሪ በ1949 ሲያወጣ በምሳሌነት የወሰደው የተተኮሰ ሸክላን ነበር።