እስር ቤት ያላገደው መዝሙር

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በጉንደ ወይንም ሁኑ በብቸና ወይም በሞጣ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትወዱት መዝሙር የትኛው ነው? እንባችሁንስ የሚያመጣው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ዜማው ነዋ!» እንላለን። ዜማው ብቻ ግን አይደለም።

የደርግን ዘመን አስቡ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መንግሥት ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ወረሰ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ።

ታዲያ መዝሙሩ ዝም አለ? አላለም! ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ተቀዳ። ዘማሪው ታስሮ መዝሙሩ አገር ለአገር ዞረ።

ጳውሎስና ሲላስም እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት ዘመሩ፤ እስረኞቹም ያዳምጧቸው ነበር (ሐዋ. 16፥25)። ወገኖቼ፣ እነዚያ የቆዩ መዝሙሮች ልባችንን የሚነኩት ለዚህ ነው፤ ዋጋ የከፈለ ሰው እምነት አለባቸው።

ዛሬ ስልካችን በመዝሙር ተሞልቷል። ግን ስልኩ ቢወሰድብን በቃላችን የቀረው ስንቱ ነው? ዛሬ ማታ አንዱን መዝሙር ለልጆቻችሁ በቃል አስተምሯቸው፤ ለምን እንደምትወዱትም ንገሯቸው። ጌታ ይባርካችሁ።