ጉልበትና ዋጋ፦ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻዎች የፉክክር ታሪክ

አዲስ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ለገበያ ሊቀርብ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ጉልበቱ ምን ያህል ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። አምራቾች የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የሜሞሪውን መጠን እየዘረዘሩ ያስታውቃሉ፤ ወጣቶች በቁጥሮቹ ይከራከራሉ፤ ወላጆች ደግሞ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ጉዳዩ ተራ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተወራርዷል፤ ስማቸው የገነነ ኩባንያዎችም መልሱን በመሳታቸው ከገበያው ወጥተዋል። ጉልበት ይበልጣል ወይስ ዋጋ? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዚህ ዘርፍ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፋኖሱ ሳይሆን ከላምባው

የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ማጫወቻ ማግናቮክስ ኦዲሲ የተሸጠው በ1972 በአሜሪካ ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው ራልፍ ቤር በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚ ጀርመን የተሰደደ መሐንዲስ ነበር። ኦዲሲ ፕሮሰሰርም ሆነ ድምፅ አልነበረውም፤ የመጫወቻ ሜዳውን ለማሳየት በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ሥዕል ያለበት ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ አታሪ የተባለው ኩባንያ በ199 ዶላር ያቀረበው ማጫወቻም ቢሆን ሜሞሪው 128 ባይት ብቻ ነበር። ይህ መጠን ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እንኳ በቅጡ የሚይዝ አይደለም። መሣሪያው በሰፊው መሸጥ የጀመረው ጉልበቱ ጨምሮ ሳይሆን ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው ዝነኛ የጃፓን ጨዋታ በ1980 ለእርሱ ተዘጋጅቶ በመቅረቡ ነበር። ሰው ሣጥኑን የሚገዛው በውስጡ ስለሚጫወተው ነገር መሆኑ ያን ጊዜ ታየ።

የዚህ እውነት ሌላው ገጽታ የታየው በ1983 ነው። ያለ ቁጥጥር የሚመረቱ የማይረቡ ጨዋታዎች መደርደሪያዎችን አጣበቡ፤ ገዢውም እምነት አጣ። ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ገበያ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ መቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆለቆለ። በዚያ ውድቀት ጊዜ ዋጋ ወርዶ ነበር፤ ርካሽነቱ ግን ማንንም አላዳነም።

ፍርስራሹን ያነሣው በ1889 በኪዮቶ የካርታ መጫወቻ ለማምረት የተቋቋመው ኒንቴንዶ ነው። ኒንቴንዶ ያለ እርሱ ፈቃድ የተሠራ ጨዋታ በመሣሪያው ላይ እንዳይሠራ የሚከለክል ቁልፍ በውስጡ አኖረ፤ ጨዋታ ሠሪዎችም ለሚሸጡት እያንዳንዱ ካርትሪጅ ድርሻ እንዲከፍሉ አደረገ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የዘርፉ ንግድ ፋኖሱን በርካሽ ሸጦ ከላምባው እንደሚያተርፍ ነጋዴ ሆነ። ማጫወቻው ያለ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሣራ ይሸጣል፤ ትርፉ ከጨዋታዎቹ ይሰበሰባል።

ይህን ሥርዓት ሳይከተል የቀረበው ስሪዲኦ የተባለው መሣሪያ በ1993 በ699 ዶላር ወጣ። ንድፉን ያወጣው ኩባንያ መሣሪያውን ራሱ አያመርትም ነበር፤ ፓናሶኒክን ለመሰሉ ፋብሪካዎች ፈቃድ ይሰጥ ነበር እንጂ። ፋብሪካዎቹ ከጨዋታው ሽያጭ የሚያገኙት ስላልነበራቸው ትርፋቸውን በመሣሪያው ዋጋ ላይ መጫን ግድ ሆነባቸው። በዘመኑ ካሉት ሁሉ የላቀ ጉልበት የነበረው ይህ ማጫወቻ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከገበያ ጠፋ።

አራት ባትሪ ድንጋይ

በ1989 ኒንቴንዶ በእጅ የሚያዝ ጌም ቦይ የተባለ መሣሪያ አወጣ። ስክሪኑ ቀለም የሌለው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ አራት የድምቀት ደረጃዎች ብቻ ያሉት ሲሆን ብርሃንም አልነበረውም። በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስ የተባለውን ባለ ቀለምና ባለ ብርሃን መሣሪያ አቀረበ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሴጋ በጃፓን ጌም ጊርን አስከተለ። በወረቀት ላይ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ሊንክስ 180 ዶላር ሲሸጥ ጌም ቦይ 90 ዶላር ነበር። ሊንክስና ጌም ጊር ስድስት ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲጨርሱ፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ለአንድ ልጅ ወላጅ የመሣሪያው ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን የባትሪው ዋጋ ግን በየሳምንቱ የሚመጣ ነው። በተጨማሪም በአሜሪካና በኤውሮፓ ጌም ቦይ የተሸጠው ከቴትሪስ ጋር ነበር። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የፈጠረው ይህ ጨዋታ ቀለምም ፍጥነትም የማይጠይቅ፣ ሕፃኑንም አዛውንቱንም የሚይዝ ነው። ጌም ቦይና ባለ ቀለም ተተኪው በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

ከዚህ ሥራ በስተጀርባ የነበረው መሐንዲስ ጉንፔይ ዮኮይ ነው። የእርሱ እምነት አዲስ ነገር ለመፍጠር አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም የሚል ነበር፤ ከተለመደ፣ ከረከሰና ጠባዩ ጠንቅቆ ከታወቀ ዕቃ ያልታሰበ ጥቅም ማውጣት ይበልጣል ይል ነበር። ይሁንና ያው ሰው በዚያው እምነት በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ ቀይና ጥቁር ምስል ብቻ የሚያሳይ፣ ዓይን የሚያደክም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን በታች ተሸጦ ቀረ። እንግዲህ ርካሽ ቴክኖሎጂም ብቻውን መድን አይሆንም።

የሎስ አንጀለሱ ቀን

ዋጋ የአንድን ኩባንያ ዕጣ የወሰነበት እጅግ ዝነኛው ቀን ግንቦት 11 ቀን 1995 ነው። በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የመጀመሪያው የኢ ስሪ ዐውደ ርእይ የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ ቶም ካሊንስኪ ሳተርን የተባለው አዲሱ ማጫወቻ በ399 ዶላር ከዚያው ዕለት ጀምሮ መሸጥ መጀመሩን አስታወቀ። ቀድሞ የተነገረው የመስከረም ወር ስለነበር ዜናው ለሁሉም ድንገተኛ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ የሶኒው ስቲቭ ሬስ ወደ መድረኩ ወጣና አንድ ቁጥር ብቻ ተናግሮ ወረደ፤ ቁጥሩም 299 ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ የሴጋ ጥድፊያ ራሱን ጎዳው። መሣሪያው የደረሰው ለተመረጡ መደብሮች ብቻ በመሆኑ የተዘለሉት ነጋዴዎች ተቀየሙ፤ ለመስከረም ሲዘጋጁ የነበሩ ጨዋታ ሠሪዎችም ሥራቸውን አላጠናቀቁም ነበር። ከዚህም በላይ የሳተርን ጉልበት በሁለት ፕሮሰሰሮች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ስለነበር ሁለቱን አጣምሮ ማሠራት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ፈተና ሆነ። የሶኒ ፕሌይስቴሽን ግን ለመሥራት ቀላል ነበር። ሠሪ እጅ ያልገባ ጉልበት ተጫዋቹ ዘንድ አይደርስም።

የኒንቴንዶ 64 ታሪክ ደግሞ ከዚህም የበለጠ አስተማሪ ነው። በ1996 አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 199 ዶላር፣ ማለትም በዚያው ዓመት ከቀነሰው የፕሌይስቴሽን ዋጋ ጋር እኩል ነበር፤ በጉልበትም ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ኒንቴንዶ ሲዲን ትቶ በካርትሪጅ ጸና። አንድ ሲዲ 650 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ ትልቁ ካርትሪጅ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ነበር፤ ለማምረትም እጅግ ውድ ነበር። ለዓመታት የኒንቴንዶ ወዳጅ የነበረው ስኩዌር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሶኒ ተሻገረ፤ ፋይናል ፋንታሲ ሰባት የተባለውንም ጨዋታ በ1997 በሦስት ሲዲ አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ የብዙ ጨዋታ ሠሪዎች ትብብር ደካማውን መሣሪያ አሸናፊ አደረገው። ፕሌይስቴሽን ከ102 ሚሊዮን በላይ፣ ኒንቴንዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን፣ ሳተርን ደግሞ ከአሥር ሚሊዮን በታች ተሸጡ። ሴጋ በ1999 ድሪምካስትን በ199 ዶላር በአሜሪካ ቢያቀርብም የተሟጠጠው ገንዘቡና የነጋዴው እምነት አልተመለሱለትም፤ በ2001 ማጫወቻ ማምረቱን ለዘለዓለም አቆመ።

ስድስት መቶ ዶላር

ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን በ2000 ሲወጣ ዲቪዲ ፊልም ያሳይ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጡት የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስና የኒንቴንዶ ጌምኪዩብ በጉልበት ይበልጡት ነበር፤ ጌምኪዩብ በዋጋም ይረክስ ነበር። ሆኖም ፕሌይስቴሽን ሁለት ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በታሪክ ቀዳሚውን ስፍራ ያዘ። ገዢው ባንድ ዕቃ ሁለት ጥቅም አገኘ፤ የቀድሞዎቹ ጨዋታዎቹም በአዲሱ መሣሪያ ላይ ይሠሩለት ነበር።

ድል ግን ያሳስታል። ሶኒ በ2006 ሦስተኛውን ፕሌይስቴሽን ሲያቀርብ ትልቁን ዓይነት 599 ዶላር አለው። የፕሌይስቴሽን አባት የሚባለው ኬን ኩታራጊ ሰዎች መሣሪያውን ለመግዛት ተጨማሪ ሰዓት ይሥሩ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። መሣሪያው ከአይቢኤምና ከቶሺባ ጋር የተሠራ ሴል የተባለ ፕሮሰሰርና አዲሱን የብሉሬይ ዲስክ ይዞ ነበር። በዚያ ዋጋም እንኳ እየከሰረ ይሸጥ ስለነበር የሶኒ የጨዋታ ክፍል በዚያ የበጀት ዓመት ከ230 ቢሊዮን የን በላይ ኪሣራ አስመዘገበ። ኩታራጊም በ2007 ከኃላፊነቱ ወረደ።

በዚያው የኅዳር ወር ኒንቴንዶ በ250 ዶላር ዊን አወጣ። በሳቶሩ ኢዋታ የሚመራው ኩባንያ የጉልበቱን ሩጫ ሆን ብሎ ትቶት ነበር፤ የዊ ውስጡ ከጌምኪዩብ የተሻሻለ እንጂ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር የእጅን እንቅስቃሴ የሚከተለው መቆጣጠሪያ ነበር። ቁልፍ መጫን የማያውቁ አያቶች እጃቸውን ወዝውዘው ቴኒስና ቦውሊንግ ተጫወቱ። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሶኒ በ2009 ዋጋውን ወደ 299 ዶላር ሲያወርድ የተቀበረው ጉልበት ገበያውን አገኘ፤ መሣሪያውም በመጨረሻ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በአንጻሩ በ2012 ዊን የተካው ዊ ዩ ምን እንደሆነ ለገዢው ግልጽ ሳይሆን ቀርቶ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ተሸጠ። በ2013 ደግሞ አራተኛው ፕሌይስቴሽን በ399 ዶላር፣ ኤክስቦክስ ዋን ከነካሜራው በ499 ዶላር ቀረቡ። በዚህ ጊዜ ርካሹ መሣሪያ ብርቱውም ነበር፤ ሶኒ ከሴል ትምህርት ወስዶ ሠሪዎች በሚያውቁት ዓይነት ፕሮሰሰር ሠርቶት ነበርና። ጉልበትና ዋጋ ባንድ ወገን ሲሰለፉ ክርክሩ አጭር ሆነ።

አንድ ማጫወቻ፣ ብዙ ተጫዋች

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ አንድ ቤተሰብ አንድ ማጫወቻ በሚገዛበት አገር የሆነ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች የአካባቢያችን ከተሞች ስሌቱ ሌላ መልክ ነበረው። በየሠፈሩ በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች መሣሪያውን የሚገዛው ባለቤቱ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚከፍለው ለአንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚሆን ሳንቲም ነበር። በዚህ ሁኔታ ለባለቤቱ የሚያሳስበው ከጉልበቱ ይልቅ መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ መቻሉ፣ ሲበላሽ ሠፈር ውስጥ መጠገኑ፣ ዲስኩም በቀላሉ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ምርቱ በ2013 መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ከመቆሙ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በእነዚህ ቤቶች ዕድሜው የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው። ከእርሱ የበረታው ሲመጣ እንኳ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች የሚፈልጉት ያንኑ ኳስ ነበር።

የታሪኩ ፍርድ

እነዚህ ሁሉ ሲመዘኑ ጉልበት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ሲዲ የፈቀደው ስፋት ባይኖር ኖሮ ስኩዌር ወደ ሶኒ ባልተሻገረ ነበር። ነገር ግን ጉልበት የሚጠቅመው ጨዋታ ሠሪው ሊሠራበት ሲችልና ተጫዋቹ ቀድሞ ያላየውን ነገር ሲያሳየው ነው። ዋጋም ቢሆን በር ነው፤ ከፍ ካለ ማንም አይገባም፤ ዝቅ ቢል ግን በውስጡ የሚታይ ከሌለ የሚገባ አይኖርም። በ2015 ከወጣ የእጅ መሣሪያ ፕሮሰሰር ተነሥቶ የተሠራው የኒንቴንዶ ስዊች በ2017 በ300 ዶላር ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ መሸጡ ይህንኑ ያረጋግጣል፤ የቤትና የመንገድ ጨዋታን ባንድ ዕቃ አዋሕዷልና።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ለአርባ ዓመታት የማጫወቻ ዋጋ ከወጣበት ቀን እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ አቅም ያነሰው ገዢ ሁለትና ሦስት ዓመት ታግሦ ተራው ይደርሰው ነበር። በ2025 ግን ሶኒም ማይክሮሶፍትም ለዓመታት ገበያ ላይ በቆዩ መሣሪያዎቻቸው ላይ በአሜሪካ ዋጋ ጨመሩ፤ ሁለተኛው ስዊችም በ450 ዶላር ተከፈተ። የጌም ቦይ ድል የተገኘው ከሰፊው ሕዝብ ነበር፤ የፕሌይስቴሽን ሁለትም እንዲሁ። ትዕግሥት ዋጋ የማያወርድበት ዘመን ከመጣ፣ የሚጎዳው መጀመሪያ ቀን ተሰልፎ የሚገዛው ሳይሆን፣ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርስ የነበረውና ቁጥሩ የሚበዛው ገዢ ነው። አምራቾቹም ታላላቅ ድሎቻቸውን ያገኙት ከዚሁ ገዢ መሆኑን የራሳቸው የሽያጭ መዝገብ ይመሰክራል።